የሆቴል እንግሊዝኛ

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍኩልሽ ብቻሽን እንድታነቢው ነው። ባልሽ ከኋላሽ ቆሞ «ምን ትላለች?» ካለሽ «ደህና ናት» በዪውና እለፊው። በደብዳቤ ደንብ ስለ ጤንነትሽ ጠይቄ፣ ስለ ራሴም «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ደህና አይደለሁም። አንቺም ደህና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ስለዚህ እሱን እንተወው።

ስልክሽን አታነሺም። ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝኛ አንዲት መልእክት ላክሽልኝ፤ መነጽሬን አድርጌ፣ እያንዳንዷን ቃል በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። «ለጊዜው ግንኙነታችን ቢቋረጥ ለሁሉም ወገን የተሻለ እንደሚሆን ተሰምቶናል» ትላለች። ተሰምቶናል? ማን ነው የተሰማው? ወገኖቹስ እነማን ናቸው? እኔ የወለድኩት አንድ ልጅ ነው፤ «ሁሉም ወገን» የሚባል አልወለድኩም።

ለምን እንደተቆጣሽ አውቃለሁ፤ እደርስበታለሁ። ከአንቺ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከልጅሽ፣ ከፍንጭቷ ጋር በስልክ እንድታገናኚኝ። ቤትሽ መልሺኝ አላልኩም። ልጅቷን ብቻ። ይህን የምጠይቅበትን ምክንያት ከሥሩ ካላስረዳሁሽ ግን «አሮጊቷ ችክ አለች» ብለሽ ታልፊኛለሽ።

እንግሊዝኛዬ ከየት እንደመጣ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ከትምህርት ቤት ስትመጪ የሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ፣ የአንሶላ ቅርጫት ላይ ተቀምጠሽ የቤት ሥራሽን ትሠሪ ነበር። የማጠቢያው ማሽን ሲንቀጠቀጥ እርሳስሽ ይንሸራተትብሽና ማሽኑን እንደ ሰው ትቆጪው ነበር። እኛ አጣቢዎቹና ተኳሾቹ ከታች ነበርን። ወደ ላይ የምንወጣው ነገር ሲበላሽ ብቻ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ሲሰበር፣ ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር ታጥቦ ሮዝ ሲሆን፣ ያጠበችው ሴት ራሷ ልብሱን ይዛ፣ የእንግዳውን በር አንኳኩታ ይቅርታ እንድትጠይቅ ነበር የሆቴሉ ደንብ።

አሠልጣኟንም ያመጡልን ለዚሁ ነው። ስሟን ማን ያስታውሳል፤ «ጥርስ! ጥርስ አሳዩ!» እያለች ስለምታስተምረን እኛ «እትዬ ፈገግታ» ነበር የምንላት። ማንበብ የማንችል ሴቶች ስለነበርን ሁሉንም በቃል፣ እንደ መዝሙር አስጠናችን። «ኖ» አይባልም፤ «እንደማይቻል ስገልጽልዎ አዝናለሁ» ይባላል። «ምን ፈለግህ?» አይባልም፤ «በምን ልረዳዎ እችላለሁ?» ይባላል። እንግዳ ቢሳሳት እንኳ የተሳሳትነው እኛ ነን።

አንድ ቀን እጄን አወጣሁ።

«እትዬ፣ ‹እርስዎ› በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

«የለም» አለች።

«እሺ፣ ‹አንቺ›ስ?»

«እሱም የለም። ሁሉም ‹ዩ› ነው።»

ተኳሿ ጓደኛዬ፣ ያቺ ሳቂታዋ፣ ካውያዋን አስቀመጠች። «ለንጉሥም?»

«ለንጉሥም።»

«ለውሻም?»

«ለውሻም።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ ንጉሡ ከውሻው ጋር ሲሄድ አንዱን ሲጠሩት ሁለቱም አይዞሩም?»

እትዬ ፈገግታ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ያለችንን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «እነሱ አክብሮቱን ከቃሉ ውስጥ አውጥተው ዙሪያው ላይ ነው ያደረጉት። ዙሪያውን ባስረዘማችሁት ቁጥር ሰውየው ከፍ ይላል። ስታሳጥሩት ወይ ይወርዳል፣ ወይ ይቀርባችኋል። የትኛው እንደሆነ መምረጥ የእናንተ ፋንታ አይደለም። እናንተ አስረዝሙ።»

አስረዘምን። እንግዶቹ ደግሞ ያሳጥሩልን ነበር። «ሄይ፣ ፎጣ!» ይላል አንዱ። ሌላው ስሜን ሳያውቅ «ፍቅሬ፣ ታንክስ» ብሎኝ በሩን ይዘጋል። ምሳ ሰዓት ላይ ከተኳሿ ጋር ቁጭ ብለን እንፈርድ ነበር፤ የእያንዳንዱን እንግዳ «ዩ» በሆዳችን ወደ አማርኛ እየመለስን።

«ዛሬ ስንት እርስዎ አገኘሽ?» ትለኛለች።

«አንድ። ያቺ ባለ ምርኩዟ ሴትዮ እርስዎ ያለችኝ ይመስለኛል። የቀረው ሁሉ አንቺ ነው።»

«እኔን ደግሞ አንዱ አንተ ብሎኛል።»

«ምን አድርገሽው?»

«ሱሪውን አኮማትሬበት።»

ሳቅን እንጂ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ከላይ ወደ ታች የሚወርደው እንግሊዝኛ አጭር ነበር፤ ከታች ወደ ላይ የሚወጣው ረጅም። የሥራ ዘመኔን በሙሉ በረጅሙ ስናገር ኖርኩ። አጭሩን ጆሮዬ አሳምሮ ያውቀዋል፤ አፌ ግን አንድም ቀን ቀምሶት አያውቅም። በእንግሊዝኛ ‹አንቺ› የምለው ሰው አልነበረኝማ። እኔን የሚያቀርብ እንግሊዝኛ ማን አስተማረኝ? የተማርኩት የሚያርቀውን ነው። ይህን ልብ በዪልኝ፤ የመጣብን ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ፣ አንቺም እንደምታውቂው፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ለሥራ ርቀሽ ስትሄጂ ደብዳቤሽን የምታነብልኝ ጎረቤቴ ጉዳዬን ከእኔ ቀድማ ትሰማ ነበር። «ቆይ፣ ቆይ፣ ልጅሽ ባል ያገኘች መሰለኝ፤ ልጨርሰውና እነግርሻለሁ» ብላ ስትስቅ፣ የልጄን ደስታ መጀመሪያ ያየሁት በጎረቤቴ ፊት ላይ ነው። በቃኝ አልኩ። ከሥራ መልስ፣ ከአንቺ በሚያንስ መምህር ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ፊደሉን ስንጨርስ «እስቲ የምትወዱትን ቃል ጻፉ» አለን። ሌሎቹ ሴቶች የልጆቻቸውን ስም ጻፉ። እኔ «እምቢ» ብዬ ጻፍኩ።

«ይህን ነው የሚወዱት?» አለኝ መምህሩ።

«እንጃ። ብዬው ስለማላውቅ መልኩን ልየው ብዬ ነው» አልኩት።

የእንግሊዝኛውንም ፊደል እዚያው ተማርኩ። አፌ ስንት ዘመን ሲለው የኖረውን ወረቀት ላይ ሳየው ርዝመቱ አስደነገጠኝ። ይህን ሁሉ ለአንድ የሸሚዝ ቁልፍ?

ጡረታ ስወጣ ደወልሽልኝ። «እማዬ፣ በሞቴ ነይ። ከእኛ ጋር ኑሪ። ልጅቷም አያቷን ትወቅ» አልሽኝ። እንግሊዝኛ ‹ፕሊስ› የሚባል አለው፤ ጨው አቀብለኝ ለማለትም ይበቃል። እኛ ስንለምን ሞታችንን ነው የምናስይዘው። በዚያች «በሞቴ» ነው ዕቃዬን ለጎረቤት አከፋፍዬ፣ አንድ ሻንጣ ይዤ አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

ሻንጣዬን ሳልፈታ ኩሽና ውስጥ ወደ ጥግ ወሰድሽኝ።

«እማዬ፣ አንድ ነገር አለ። እንዳትቀየሚኝ።»

«መቀየሜን ነገሩን ስሰማ አይደል የማውቀው?»

«ልጅቷ አፍ የፈታችው ዘግይታ ነው። የመዋዕለ ሕፃናቷ መምህርት ሁለት ቋንቋ ያምታታታል፣ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ይሁን ብላለች። አባቷም ከእንግሊዝኛ ሌላ አይሰማም። ስለዚህ ከእሷ ጋር በእንግሊዝኛ ብቻ ብታወሪ…»

«በእኔ እንግሊዝኛ?»

«ምን ሆነ? ጎበዝ ነሽ እኮ! ከእኔ በፊት ነው የቻልሽው።»

«ከአንቺ ጋርስ?»

«እሷ በሌለችበት እንደፈለግን እናወራለን።»

እሺ አልኩ። የሰው ቤት ደንብ ማክበር ሥራዬ ነበር። ግን እሷ የሌለችበት ጊዜ የት ነበር? ከሥራ ስትመጪ ልጅቷ አለች፣ ምግብ ላይ አለች፣ እሷ ስትተኛ ደክሞሽ አብረሻት ትተኛለሽ። በአማርኛ «እማዬ፣ አንቺ ደግሞ!» የምትለኝ ልጄን ትቼያት የመጣሁት ስልኩ ውስጥ ኖሯል። ቤትሽ ያገኘኋት በእንግሊዝኛ በጥንቃቄ የምታናግረኝን ሴት ነው።

ልጅቷን ፍንጭት ያልኳት በፊት ጥርሶቿ መሃል ባለው ክፍተት ነው፤ ያንቺም እንዲያ ነበር። ጠዋት ጠዋት በእንግሊዝኛ የምላትን በሆዴ እንደሚሰማኝ አድርጌ ወደ አማርኛ ልመልስልሽ፦ «እንደምን አደሩ፣ እመቤት። በደንብ እንዳረፉ ተስፋ አደርጋለሁ። ለቁርስ ምን ላቅርብልዎ?»

መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰች። የምጫወት መሰላት። እሷም እንግዳ ሆና ታዘኝ ጀመር፤ ትራስ አስመጣችኝ፣ ውኃ አስመጣችኝ፣ ውኃው ቀዘቀዘ ብላ አስመለሰችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ጨዋታው አላለቀም። ማታም ያው፣ በማግሥቱም ያው። ልጅ ደግሞ ጨዋታ ማለቂያ ሲያጣ ይፈራል። አንድ ቀን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «አሁን እውነተኛዋን አያቴን ሁኚ» አለችኝ።

«እንዳዘዙ» አልኳት።

ሌላ ከየት አምጥቼ? ከዚያ ቀን በኋላ ትራስም ውኃም አላዘዘችኝም።

የአለቃሽ ነገር ደግሞ አለ። እሑድ ምሳ የጠራሽው ቀን። ከመምጣቱ በፊት «እማዬ፣ ‹ሰር› እንዳትዪው። በስሙ ብቻ ጥሪው። መሥሪያ ቤት ሁላችንም እንደዚያ ነን፤ ትልቅ ትንሽ የለም» አልሽኝ። ሰውየው ቁምጣ ለብሶ መጣ። አንቺ በስሙ ጠራሽው፣ ባልሽ በስሙ ጠራው፣ ፍንጭቷ እንኳ በስሙ ጠራችው። እኔ ዳቦውን ሳቀርብለት አመለጠኝና «ሰር» አልኩት። ሳቃችሁ። እሱም ሳቀና «ዘና በዪ» አይነት ነገር በአጭሩ ጣል አደረገልኝ። እርስዎ ይበለኝ አንቺ ለመፍረድ ተኳሿ አጠገቤ አልነበረችም።

እኔ ዘና አልኩ። አንቺን ግን አየሁሽ። ሾርባውን ስትቀጂለት ጭልፋው ከሳህኑ ጠርዝ ጋር ይጋጭ ነበር። ሰውየው ስሙን ሰጣችሁ እንጂ ወንበሩን አልሰጣችሁም። እኔ ‹ሰር› ስል ፍርሃቴን እንደ ኮት ቃሉ ላይ ሰቅዬው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ። አንቺ የምትሰቅዪበት ስለሌለሽ ለብሰሽው ትውያለሽ። የዚያን ቀን አንጀቴን በላሽው። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፤ ልጅቷ ከመሃላችን ተቀምጣ ነበርና በየትኛው ቋንቋ እንደምነግርሽ አጣሁ።

አሁን ልጅቷ ወደወደቀችበት ቀን ልምጣ።

አንቺ ሥራ ነበርሽ። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ብስክሌት ትነዳለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ። ጠርዙ ላይ ጎማው ተንሸራተተና በጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ወደቀች። ተነሥታ አየችው። ደሙን ስታይ ጮኸች፣ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ሮጠች። ወደ እኔ ነው የሮጠችው፤ ይህን አስታውሺልኝ።

«እኔን!» ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። እኔ ልውደቅልሽ፣ እኔ ልድማልሽ፣ ያንቺ ለእኔ ይሁን፤ ይህ ሁሉ በአንዲት ቃል። አንቺን አሥር ጊዜ ስትወድቂ አሥር ጊዜ ያነሣሁሽ በእሷ ነው። ግን ደንብሽ ነበረ። ደግሞስ ‹እኔን› በእንግሊዝኛ ‹ሚ› አይደለም? ደም ለሚፈሳት ልጅ «ሚ!» ብዬ ብጮህባት ምን ሊገባት ነው? ዋጥኳት። እሷን ስውጥ አፌ ባዶ ሆነ፤ ባዶ አፌ ደግሞ የለመደውን አወጣ። በዚያ በተጠናው፣ ጥርስ በሚያሳየው እንግሊዝኛ እንዲህ አልኳት፦

«ለተፈጠረው መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ልጅቷ ቆመች። እጆቿ እንደተዘረጉ ነበሩ። ዓይኔን አየችኝ። እጆቿን ቀስ ብላ አወረደችና ዞራ ሄደች። የጎን ቤቷ ሴትዮ በሯ ላይ አበባ ታጠጣ ነበር፤ እቃዋን ጥላ «ኦ፣ ነይ፣ ነይ፣ ጣፋጯ» በሚል በዚያ በአጭሩ እንግሊዝኛ አቀፈቻት። የልጄን ልጅ ደም ከጎረቤት ሽርጥ ላይ አየሁት።

ስትመጪ ልጅቷ ቀድማ ነገረችሽ። «አያቴ አትወደኝም» ብላሽ ኖሯል። ኩሽና ገብተሽ በሩን ዘጋሽ፤ ቢያንስ ያን ቀን በአማርኛ ነበር የተቆጣሽኝ።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ሕፃን ልጅ እኮ ናት! ደሟ እየፈሰሰ!»

«ይቅርታ ጠየቅኳት።»

«እንደ ሆቴል እንግዳ!»

«ከዚያ የሚበልጥ እንግሊዝኛ የለኝም። ያለኝን ትልቁን ነው የሰጠኋት።»

«ትልቁን ማን ጠየቀሽ? ትልቁ እኮ እዚህ የሚነገረው ለተጣሉት ሰው ነው! እኔ ስቆጣት ነው ሙሉ ስሟን የምጠራት። እንዲህ ስታናግሪያት የጠላሻት ነው የሚመስላት!»

«እንግዲያው በገዛ አፌ ላናግራት።»

«እሱ ላይ ተነጋግረን ጨርሰናል፣ እማዬ።»

እየጮኽሽ ነበር። ልክ ልኬን ነግረሽኝ ብታለቅሺ፣ እኔም ብሰድብሽ፣ ተቃቅፈን ባደርን ነበር። ወጥተሽ ሄድሽ።

በማግሥቱ ከባልሽ ጋር ሳሎን አስቀመጣችሁኝ። ባልሽ መጥፎ ሰው አይደለም፤ የሚይዘው አጥቶ ጉልበቱን ሲያሻሽ አየሁት። እሱ እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ጀመርሽ። «በቅርቡ የተፈጠሩትን ሁኔታዎች ከግምት ውስጥ በማስገባት» አልሽ። «አንፎርቹኔትሊ»፣ እንደ አለመታደል ሆኖ፣ አልሽ። ይህቺን ቃል አውቃታለሁ፣ ልጄ። ሥራ አስኪያጁ ማጠቢያ ክፍሉን ለውጭ ድርጅት ሰጥቶ ግማሾቻችንን ያሰናበተን ቀን በእሷ ነው የከፈተው። የዚያን ቀን ከተኳሿ ጋር ተያይተን፣ ኋላ እኛ ብንተርፍም፣ ቃሉ ሳያልቅ ሽርጣችንን ነበር የፈታነው። አንቺም ገና «አንፎርቹኔትሊ» ስትዪ እጄ ወደ ወገቤ ሄደ። ሽርጥ አልነበረኝም።

ትንሽ ጊዜ በራሴ ቤት ብቆይ ለሁላችንም ጥሩ መስሎ እንደታያችሁ ነገራችሁኝ። የትኛው ቤቴ? ያን ሁሉ ስትዪ አንድም ጊዜ አልተንተባተብሽም። እኔን በአማርኛ ከቤትሽ ለማስወጣት ግን አፍሽ አይችልም ነበር፤ አውቅሻለሁ። «አንቺ ውጪ» ለእናት አይባልማ። ለዚህ ነው በረጅሙ የሄድሽበት። ሰው የሚያፍርበትን ነገር ነው የሚያስረዝመው። እኔ ረጅሙን የተማርኩት ለመክበር ስላልታደልኩ ነው፤ አንቺ የተማርሽው ላለማልቀስ ነው።

እኔም በደንቡ መለስኩ። «ስለ መልካም መስተንግዶዎ እናመሰግናለን» አልኩሽ። ባልሽ ነገሩ በሰላም ያለቀ መስሎት ተነፈሰ። አንቺ ግን ስኒሽን እንደያዝሽ አቀረቀርሽ። ከእንግሊዝኛው ሥር ያለችውን አማርኛዬን ሰምተሻታል።

አሁን ያለሁት ተኳሿ ጓደኛዬ ጋ ነው። የኋላ ክፍሏን ሰጥታኛለች። እጇ በቁርጥማት ተጣሞ ካውያ አይዝም፤ ምላሷ ግን እንደተተኮሰ ነው። ስገባ ሻንጣዬን አይታ፣ «እንግዳችን፣ ስንት ሌሊት ያርፋሉ?» አለችኝ። ልስቅ ስል አለቀስኩ። እሷም ትታኝ ወጣችና ፎጣ አምጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ፤ አንድም ቃል ሳትናገር።

ከዚያ ነው ያንቺን ቁጣ ያመጣው ነገር የሆነው። እንደሰማሽው ሳይሆን እንደሆነው ልንገርሽ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደወልኩልሽ። ስልኩ ተነሣ። ትንሽ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ከበስተጀርባ ውኃ ይወርዳል፤ ገላሽን ትታጠቢ ነበር መሰለኝ። «ሄሎ?» አለች ፍንጭቷ። አፌ ‹እንደምን ዋሉ› ሊል ተከፈተ። በእጄ ያዝኩት፤ እውነቴን ነው፣ በእጄ። ከዚያ በአማርኛ ጀመርኩ።

«እናትዬ፣ እኔ ነኝ። አያትሽ። መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ። ውጪ አንድ ሰውዬ ልብስ ያሰጣል፣ ምን ዓይነት አሰጣጥ ነው እሱ፣ እንኳን አንቺ አላየሽው! ይኸው ነፋሱ ካልሲውን ወሰደበት። ሩጥ! ሩጥ አንተ! አልደረሰባትም ሞኙ። አንቺ ግን እንዴት ነሽ፣ ወለላዬ? በላሽ? ዛሬ ማን አበጠረሽ? ዓይኔ፣ ሆዴ፣ አፈር ልሁንልሽ፤ ቤቱ ያለ አንቺ ጭር ብሎብኛል…»

ምን ያህል እንዳወራሁ አላውቅም። አንድም ቃል እንደማይገባት አውቃለሁ። ግን አልዘጋችውም። ትንፋሿ ወደ ስልኩ እየቀረበ መጣ። በካልሲው ስስቅ ሳቀች፤ ካልሲ መሆኑን ማን ነገራት? ድምፄ ሲሰበር እሷም ጸጥ አለች። እኔን ነበር የምትሰማው። ከአንቺ በኋላ ማንንም እንዲህ አናግሬ አላውቅም፤ ልጅቷም ከቤትሽ እስክወጣ ድረስ ድምፄን ሰምታው አታውቅም ነበር። የማታውቀኝን ልጅ ነው «አትወደኝም» ያሰኘናት።

አውርቼ ሳበቃ፣ «አጌን» አለችኝ።

እንደገና፣ ማለቷ ነው። ‹ፕሊስ› የለበትም፣ ‹ይቻል ይሆን› የለበትም። ስንቱ በአጭሩ ሲያዘኝ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ግን በዕድሜዬ አልተሰጠኝም። ተኳሿ አጠገቤ ብትኖር ይህቺን ትእዛዝ ከ‹እርስዎ› ወይስ ከ‹አንቺ› ትመድባት ነበር?

ልጀምርላት ስል ውኃው ቆመ። «ከማን ጋር ነው?» የሚለው ድምፅሽ መጣ፤ ስልኩን ከእጇ ወሰድሽ። እኔ «ወለላዬ» እያልኩ ነበር። ሰማሽኝ። ጥቂት አዳመጥሽ፤ አልዘጋሽብኝም ወዲያው። አልቅሰሽ እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ዘጋሽው። በማግሥቱ ያቺ «ሁሉም ወገን» መጣችልኝ።

ደንብሽን አፍርሻለሁ፤ ደግሜም አፈርሰዋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅሽም። የነበረኝን ይቅርታ በሙሉ ከላይ ለእንግዶቹ አድዬ ጨርሻለሁ፤ ያስተረፍኳትን አንዷን ለልጅሽ ብሰጣት ምን እንደሆነ አይተሻል። መምህርቷ ያለችውን አልክድም፤ ስለ ልጆች አፍ እሷ ከእኔ ትሻላለች ይሆናል። እኔ የማውቀው ልጅቷ የጠየቀችኝን ነው። እንግሊዝኛውን እናንተ ስጧት፤ አጭሩንም ረጅሙንም፤ ለአለቃም ለጎረቤትም ይሆናታል። በሳምንት አንድ ቀን ለእኔ ጆሮዋን ብቻ ስጪኝ። አትመልስልኝ። ገብቷት እንደሆነ አትጠይቂያት። ዓይኔ እየደከመ ነው፤ ይህቺን ደብዳቤ እንኳ ለመጨረስ ስንት ጊዜ አረፍኩ። ጊዜ ያለን እንዳይመስልሽ።

«እንዳልተስማማን ስንገልጽ እናዝናለን» ብለሽ ልትመልሺልኝ ከሆነ አትመልሺ። እምቢ ማለት ከፈለግሽ ደውይና በአማርኛ፣ «አንቺ» ብለሽ፣ እየጮኽሽ በዪኝ። እሱን እችለዋለሁ።

እሺ ከሆነ ግን ምንም መጻፍ አያስፈልግሽም። ስደውል ስልኩን አንሺና፣ ምንም ሳትዪ፣ ለልጅቷ ስጫት። «እንደገና» ብላኝ እየጠበቀችኝ ነው።

‹ከሰላምታ ጋር› ብዬ አልዘጋውም። ያ የመሥሪያ ቤት ነው።

እሑድ እደውላለሁ።

እናትሽ